ሁለት አኩራፊዎችና የጭጋጉ ተልዕኮ

ጌም የሚጫወት ሰው ሥራ ፈት ነው ትላላችሁ? እንግዲያው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰብለ ሱቅ ጓዳ ብቅ በሉና እዩን። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የጠመኔ አቧራ ስቅም ውዬ ቤቴ ስገባ ትንሽ ይደክመኛል፤ እሱ ያለ ነው። እሑድ ከጌም ስነሣ ግን ወገቤ አይታዘዘኝም። ለምን አይደክመኝ? ድልድይ ስጠግን፣ ምንጭ ስጠርግ፣ አውሬ ሳባርር ነው የዋልኩት። ይሄ ሥራ መፍታት ከሆነ ሥራ መያዝ ምን ሊሆን ነው?

እስቲ ከመጀመሪያው ላውራችሁ።

ሰብለ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ የልብስ ሱቅ ያላት ጓደኛችን ናት። አብረን ነው የተማርነው። ከዚያ እሷ ኩዌት ሄዳ ዓመታት ቆየችና ተመለሰች። ከኩዌት የሚመለስ ሰው ምን ይዞ ይመጣል? ብርድ ልብስ፣ ሽቶ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን። ሰብለም ቴሌቪዥኑን አምጥታለች። ከሱ ጋር ግን አንድ የጌም ማጫወቻ ከነጆይስቲኮቹ አስከትላ መጣች። ያሳደገቻቸው ልጆች ሲሸኟት የሰጧት ነው። እዚያ ሳለች ልጆቹ አራተኛ ሰው ሲጎድላቸው ከኩሽና ይጠሯት ነበር። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ትቀመጣለች። «እዚያ ቤት ውስጥ እኩል የሆንኩት እሱ ቦታ ላይ ብቻ ነበር» ብላኛለች አንድ ቀን። «ስወድቅ መጥተው ያነሡኛል። ሲወድቁ አነሣቸዋለሁ። ሌላውን ጊዜ ተወው።»

ጌሙ እንዲህ ነው። ተራራ ላይ ያለች አንዲት መንደር ጎርፍ አፍርሷታል። አራት ሰዎች ተመልሰው ያቀኗታል። ድልድዩን፣ ውኃውን፣ ወፍጮውን። እያንዳንዱ ሥራ አንድ ተልዕኮ ነው። እኔ ተልዕኮ እላለሁ፤ መምህር ነኝና። ሰብለ ሚሽን ትላለች። አውሬዎች አሉ፤ ከየጥሻው እየወጡ ያስቸግራሉ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሄዶ ካላነሣው ሁሉም ነገር እንደገና ይጀመራል። ዋናው ነገር ደግሞ አራት ሰው ካልሞላ አይከፈትም። ሦስት ሆናችሁ ብትለምኑትም አይከፈትም።

ታዲያ አራቱ እነማን ይሁኑ? ሰብለ አለች። እኔ አለሁ። የቀሩት ሁለቱ ደሳለኝና ይበልጣል ናቸው። ችግሩ ደሳለኝና ይበልጣል አይነጋገሩም።

ደሳለኝ በርና መስኮት የሚበይድ ብረት ሠራተኛ ነው። ይበልጣል ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ሚኒባስ ይነዳል። ከልጅነታቸው ጀምሮ አይለያዩም ነበር። የአንዱ እናት የሌላውም እናት ናቸው። ታዲያ ሰብለ ከመምጣቷ በፊት የደሳለኝ እናት እማማ ጥሩወርቅ አንበሳሜ ከተማ ቤታቸው ሳሉ፣ ደሳለኝም ሊጠይቃቸው ሄዶ ሳለ፣ በድንገት ታመሙ። ደሳለኝ ማንን ይጥራ? ሹፌር ጓደኛ አለው አይደል? ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። ዝግ ነው። በመጨረሻ እንጨት የጫነ መኪና ለምኖ፣ እናቱን ከሹፌሩ ጎን አስቀምጦ፣ ራሱ እንጨቱ ላይ ወጥቶ ባሕር ዳር አደረሳቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ዳኑ። ነገር ግን የይበልጣል መኪና በዚያን ቀን እዚያው ባሕር ዳር መንገድ ላይ ሐሙሲት ቆማ እንደዋለች ያየ ሰው ለደሳለኝ ነገረው።

ደሳለኝ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀው። «የት ነበርክ?»

ይበልጣል «ጉዳይ ነበረኝ» አለ።

በቃ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም የለም።

ሽማግሌ አልተላከም እንዳትሉ። ተልኳል። ሽማግሌዎቹ ደሳለኝን ሲጠይቁት «እኔ ከማንም አልተጣላሁም» አላቸው። ይበልጣልን ሲጠይቁት «እኔም አልተጣላሁም» አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ያልተጣሉ ሰዎችን በየትኛው ሥርዓት ያስታርቁ? ምሳቸውን በልተው፣ ቤቱን መርቀው ሄዱ።

ሰብለ ይሄን ሁሉ ሰምታለች። ግን እሷ የቸኮለችው አራት ሰው ለመሙላት ነው። ለሁለቱም ሌላው እንደሚመጣ ሳትነግር ጠራቻቸው። እሑድ ከሰዓት ሱቋ ዝግ ነው። ጓዳው ውስጥ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ደሳለኝ ቀድሞ መጥቶ ተቀምጧል። ይበልጣል ከበሩ ላይ አየውና ቆመ። ሰብለ ጆይስቲኩን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ማን ቀድሞ ትቶ ይሂድ? የሄደው የሸሸ ሊመስል ነው። ሁለቱም ቀሩ። እኔ መሀል ተቀመጥኩ።

እዚያ ወንበር ላይ መሀል የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚገጥመው ላሳያችሁ።

«መምህር፣ ግንዱን በዚያኛው ጫፍ ያንሣ በለው» ይላል ደሳለኝ በቀኜ።

ይበልጣል በግራዬ ነው። ጆሮው ደህና ነው። እኔ ግን ዞሬ «ግንዱን በዚያኛው ጫፍ አንሣ» እለዋለሁ።

«መምህር፣ ካነሣሁት ቆይቻለሁ በለው።»

«ካነሣሁት ቆይቻለሁ ይልሃል።»

«እንግዲያው ለምን አይራመድም በለው።»

ይሄን እስካደርስ አውሬው ሦስታችንንም ጨርሶ ወደ ሰብለ እየሄደ ነው። ሰብለ ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጣሪያውን ታያለች። የኩዌት ልጆች እንደዚህ አድርገዋት አያውቁም።

ቀስ በቀስ ግን ለመድነው። ሁለቱም ሐሳባቸውን ለኔ ይነግሩኛል፤ እኔ የተሻለውን መርጬ ለሁሉም አዝዛለሁ። ማንም አይከራከርም። ከተከራከሩ መነጋገራቸው ነው፤ እሱ ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ ጓዳው ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የኔ ብቻ ሆነ። እንደዚያ ተሰምቼ አላውቅም። ክፍል ውስጥ ጭምር።

የተልዕኮዎቹን ነገር የምትከታተለው ሰብለ ነበረች። የጓዳው በር ላይ በጠመኔ ትጽፋለች፤ ጠመኔው የኔ ነው። ያለቀውን፣ የቀረውን፣ ማን ከማን ጋር ምን እንደሚሠራ። አንድ ቀን ጎረቤቷ እትዬ ማንጠግቦሽ ሱቅ መጥተው በሩን ቆመው አነበቡት። «ድልድዩ አለቀ። ምንጩ ተጠረገ። የቱቦ ዝርጋታ፦ መምህርና ሰብለ። ወፍጮው፦ ደሳለኝና ይበልጣል» ይላል። የሰፈራችንን ውኃ ታውቁታላችሁ፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። እትዬ ማንጠግቦሽ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «እናንተን የመሰለ ልጅ ይብዛ» አሉ። «ለመሆኑ ቱቦው በኛ በኩል ያልፋል ወይ?»

ሰብለ ምን ትበል? «ገና ጥናት ላይ ነው» አለቻቸው። እስካሁን ባገኙኝ ቁጥር ጥናቱ ከምን ደረሰ ይሉኛል።

ሥራው በዚህ ዓይነት ሲሄድ ሲሄድ የጭጋጉ ተልዕኮ ላይ ደረስን። ለወፍጮው የሚሆን ረጅም ምሰሶ በተራራ ጫፍ ላይ ተሸክሞ ማሻገር ነው። አንዱን ጫፍ ደሳለኝ፣ ሌላውን ይበልጣል ይይዛል፤ እኔና ሰብለ አውሬ እንጠብቃለን። ጭጋጉ ክረምት ላይ ከጉና ተራራ ወርዶ ከተማችንን የሚያለብሰውን ቁርጥ ነው። ነገር ግን መንገዱ ይታያል። እኔ ይታየኛል። ሰብለም ይታያታል። ይበልጣል ግን ምሰሶውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ገደል ገባ።

እንደገና ጀመርን። እንደገና ገባ። መታጠፊያው ለሚታየው ሰው ነገሩ ጉድ ነው። በዝናብ ባሕር ዳር የሚመላለስ ሹፌር እዚህ ይሳታል? እኔ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። አውቆ ነው፣ ደሳለኝን ገደል ይዞት ሊገባ ፈልጎ ነው አልኩ በልቤ። ለሰብለም በኋላ ነገርኳት። «አይ፣ ሥራ አድክሞት ይሆናል» አለች። ደሳለኝ «በለው» እንኳን አላለኝም። ከቴሌቪዥኑ ይልቅ የይበልጣልን ፊት ሲያይ ዋለ።

በሚቀጥለው እሑድ ደሳለኝ ከሁላችን ቀድሞ መጥቶ የጌም ሰውዬውን ልብስ ቀይሮታል። ከራስ እስከ እግር ቢጫ። ኮፍያው ቢጫ፣ ጫማው ቢጫ። እኔና ሰብለ ሳቅን። መንገድ ሥራ ተቀጠርክ ወይ አልነው። «ደስ ስላለኝ ነው» አለ። የዚያን ቀን ይበልጣል አንድም ጊዜ ገደል አልገባም። ቢጫውን ተከትሎ፣ ደሳለኝ ሲታጠፍ እየታጠፈ፣ ሲቆም እየቆመ ምሰሶውን አሻገረ። እኔ ደግሞ ትእዛዜ ሰመረ ብዬ ተኮፈስኩ።

ምሰሶው ካለፈ በኋላ የወፍጮው ድንጋይ ይቀራል። እሱም በዚያው ጭጋግ ውስጥ ነው። ነገር ግን ጌሙ እዚህ ላይ ዝናብ ያዘንብና ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት ግራጫ የዝናብ ልብስ ያለብሳል። ምርጫ የለም። ቢጫው ከግራጫው ሥር ጠፋ።

ይበልጣል ቆመ። «ሂድ እንጂ» አልኩት። ሁለት እርምጃ ሄዶ ደግሞ ቆመ። አውሬዎቹ ከጥሻው መውጣት ጀመሩ። እኔ ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ እደረድራለሁ። ይበልጣል ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

በዚህ ጊዜ ደሳለኝ በኔ ላይ አሻግሮ ተናገረ።

«ይበልጣል፣ ታየኛለህ?»

እኔን አይደለም ያናገረው። በስሙ ነው የጠራው። የሰብለ እጅ ጆይስቲኩ ላይ ደርቆ ቀረ። ቴሌቪዥኑ ላይ አውሬዎቹ ይበሉናል፤ ማንም ምንም አልነካም።

ይበልጣል ወደ ድምፁ ዞረ። ከዚያ «ቢጫው ሳለ አይህ ነበር» አለ።

ለካ ዐይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ ሁለቱንም። ከጀመረው ቆይቷል። ፀሐይ ሲሆን ይነዳል። ደመና ሲከብድ መኪናዋ ተበላሸች ብሎ ይቀራል፤ ጭጋግ ካለ ደግሞ ከቤቱ አይወጣም። እኛ ግን ሰነፈ እንል ነበር። የመኪናዋ ባለቤት ቢሰማ ቁልፉን ይቀበለዋል፤ ተሳፋሪ ቢሰማ ማን ይሳፈርለታል? ስለዚህ ለማንም ሳይነግር አንድ ቀን መኪናዋን ሐሙሲት ለረዳቱ ትቶ፣ በሰው መኪና ባሕር ዳር ዐይን ሐኪም ዘንድ ሄደ። ጠብታ ጨመሩበት። ስልኩን አጥፍቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ወረፋ ጠበቀ። ማምሻውን ስልኩን ሲከፍተው የደሳለኝ ጥሪ ተደርድሯል። በተደወለበት ሰዓት ግን የእጁን ጣት እንኳን አይለይም ነበር።

«እና ይሄን ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለ ደሳለኝ።

«መጠጥ ቤት ነበር ብለሃል አሉኝ።»

«አላልኩም። ብያለሁ እንዴ፣ መምህር?»

ብሏል። እኔ ፊት ነው ያለው። ግን ያን ቀን የሁለቱን ቃል ማመላለስ ያበቃሁ መስሎኝ ዝም አልኩ።

አሁን ይተቃቀፋሉ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እኔም ጠብቄ ነበር። ደሳለኝ ግን ተቆጣ። «ስለዚህ ስልኩን ብታነሣልኝ ኖሮ እናቴን በዚህ ዐይን ልትጭናት ነበር?»

«አልጫንኳቸውም እኮ» አለ ይበልጣል። «የተቀየምከኝ ስላልጫንኳቸው ነው።»

  መጀመሪያ የሳቀችው ሰብለ ናት። ቀጥሎ ይበልጣል። ደሳለኝ እየተቆጣ ሳቀ፤ እየሳቀ ዐይኑን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ ግን ሳቁን አቁሞ ቁም ነገሩን ተናገረ። «ነገ ቁልፉን ታስረክባለህ። ሰው ነው የምትጭነው።»

ይበልጣል አቀረቀረ። ለሹፌር ቁልፍ ማስረከብ ምን ማለት እንደሆነ ሹፌር ብቻ ያውቀዋል። «ከዚያስ ምን ልሠራ ነው?» አለ።

«ከኔ ጋር ብረት ትይዝልኛለህ።»

«ብየዳ ላይ?» አለች ሰብለ። «የቀረችውን ዐይኑን ልትጨርሳት ነው? እዚሁ ሱቅ ይቀመጣል።»

በማግስቱ ደሳለኝ አብሮት ሄደና ቁልፉን አስረከቡ። ባለቤቱ እንደ ፈሩት አልሆነም። ቁልፉን ተቀብሎ «ሲድንልህ ተመለስ፤ እስከዚያ ሌላ ሰው ይይዛታል» አለ። ይበልጣል ከመናኸሪያው ሲወጣ መኪናዋን ዞሮ አላያትም። ቢያያትም ከሌሎቹ ይለያት እንደሆነ አላውቅም።

የዐይን ቀዶ ሕክምናው ወረፋ እስኪደርስ ይበልጣል ሰብለ ሱቅ ተቀመጠ። እንዴት ያለ ልብስ ሻጭ ወጣው መሰላችሁ? ለአንዷ ሴትዮ ሰማያዊ ብሎ አረንጓዴ ቀሚስ ሸጠላት። ሴትዮዋ ስትመለስ ሰብለ ይቅርታ ልትጠይቅ ተነሣች። ለካ የመጣችው ለእህቷም ከዚያው «ሰማያዊ» ልትገዛ ነው።

በቀዶ ሕክምናው ቀን አብረውት ባሕር ዳር የሄዱት ደሳለኝና እማማ ጥሩወርቅ ናቸው። እማማን አይምጡ ብለናቸው ነበር፤ እሺ አላሉም። «የኔን ሕመም እሱ ሳያይ ቀረ። የሱን እኔ ማየት አለብኝ» አሉ። ደሳለኝ እንደ ነገረኝ፣ ሐኪሙ ፋሻውን ሲያነሣለት ከፊቱ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ይበልጣል ትክ ብሎ አያቸው።

«እማማ፣ አረጁ እኮ» አለ።

«አንተ ሳታየኝ ነዋ» አሉት። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ዐይናቸው ላይ አደረጉ። ደሳለኝ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ቆየ።

ሁለተኛው ዐይንም በጊዜው ተሠራ። ይበልጣል ዛሬ ወደ መኪናው ተመልሷል፤ በጭጋግም ይነዳል። ሽማግሌዎቹ እርቁን ሰምተው ደስ አላቸው። አንደኛው «ያን ጊዜ የመረቅነው ምርቃት ነው የሠራው» ብለው ለሰው ሁሉ ይናገራሉ። እኛም ዝም ብለናል። ከነጆይስቲኩ ማስረዳቱ ያስቸግራል።

መጨረሻው አማረ፣ አይደል? እስቲ እሑድ ኑና እዩት።

አሁን ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ነው የሚቀመጡት። እኔ ወደ ዳር ተገፍቻለሁ። ጌሙ ከመከፈቱ በፊት ወሬ ይጀምራሉ። የቀረባቸውን ወሬ ሁሉ አሁን ነው የሚያወሩት። ጌሙ ሲከፈት ደግሞ ክርክር ነው። በላይ እንሂድ ይላል አንዱ፤ በታች ይላል ሌላው። አንተ ነህ የጣልከው፣ አይ አንተ ነህ ቀድመህ የለቀቅከው። ትእዛዝ ብሰጥ ማን ይሰማኛል? «ቆይ መምህር» ይሉኛል ሁለቱም በአንድ ድምፅ። የወፍጮውን ድንጋይ በጠራራ ፀሐይ እንኳን ማሻገር አቅቶናል። ሁለት ጥርት ያሉ ዐይኖች ይዞ ይበልጣል ገደል ይገባል፤ ምክንያቱም የሚያየው ቴሌቪዥኑን አይደለም፣ ለደሳለኝ የሚመልሰውን እያሰበ ነው። ባለፈው ደግሞ ያሻገርነው ምሰሶ ሳይቀር በአውሬ ፈረሰብን። ሁለቱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እየተከራከሩ ነበር፤ ዞር ብለውም አላዩት።

ሰብለ በሩ ላይ «ምሰሶው አለቀ» የሚለውን በእጇ መዳፍ አጠፋች። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሁለቱን ለረጅም ጊዜ ስታያቸው ቆየች። እየተሳሳቁ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈዋል። ስታያቸው ደስ ይላታል፤ ፊቷ ላይ ይነበባል። በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«መምህር» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እንደው ወፍጮው እስኪያልቅ ብቻ፣ ትንሽ ብናጣላቸውስ?»